ሦስት አምፖል ባንድ ሽቦ

ኛዱዎፕን ያንገበገባት ጨለማው ብቻ አልነበረም፤ ጨለማውን የዘረጋው ሰው ይኮራበት ነበር። ባሏ ሩዋይ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ የመጋዘን ጠባቂ ነው። ጋምቤላ ቤቱ ብቅ የሚለው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። አምና የቤቱን መብራት ማንንም ሳያስነካ ራሱ ዘረጋው። አንዲቷን ሽቦ ከቆጣሪው አውጥቶ በበረንዳው አምፖል አሳለፋት፤ ከዚያ በመኝታ ቤቱ፣ ከዚያም ኛዱዎፕ ልብስ በምትሰፋበት ክፍል አድርጎ መለሳት። ሽቦ ቆጠብኩ አለ። አንዱ ማብሪያ ሲጠፋ ቤቱ በሙሉ መጥፋቱን እንኳ እንደ ብልሃት ቆጠረው።

ሦስቱ አምፖሎች ግን ሲበሩም ያንቀላፋሉ። የጎረቤት ቤት ወለል ብሎ ሲበራ እነሱ ቤት መርፌ ላይ ክር ማስገባት ጭንቅ ነው። ሩዋይ የሚመጣው ኃይል ደካማ ነው ብሎ ለመብራት ኃይል ሁለት ማመልከቻ ጻፈ፤ እሷም አመነችው።

ኑሮው ግን አቃጠላት። ልጆቹ እንዲተኙ የመኝታ ቤቱን ብታጠፋ የስፌት ክፍሉ ድርግም ይላል። የበረንዳውን ብታጠፋም ያው ነው፤ ስለዚህ ከባሮ ወንዝ በኩል የሚመጣው ትንኝ ሁሉ እነሱ በረንዳ ላይ ይሰፍራል። ልጆቹ ፊታቸውን በአንሶላ ሸፍነው ይተኛሉ፣ እሷ ዓይኗን አጥብባ ትሰፋለች።

በዚህ መሃል ቤተ ክርስቲያኗ የሃያ ሁለት መዘምራን ልብስ አዘዘቻት። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነው፤ ለእሁድ ካልደረሰ ዳግመኛ የሚያምናት የለም። ቀን ጤና ጣቢያ በጽዳት ስለምትሠራ ያላት አመሻሹ ብቻ ነበር። ሐሙስ፣ ስምንት ልብስ ሲቀራት፣ ሦስቱም አምፖሎች ባንዴ ጠፉ። የትኛው እንደተቃጠለ ለማወቅ ሦስቱንም ነቅላ፣ በነጠላዋ ቋጥራ ወደ ጎረቤት ስትሄድ እንባዋ መጣ። የንዴት እንባ ነው።

ከአጥሩ ማዶ የተከራየችው ደመቀች ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። አምፖሎቹን ሞከረቻቸው፤ የተቃጠለው የመኝታ ቤቱ ብቻ ነው። ታዲያ ሌሎቹ ምን ሆነው ጠፉ ብላ ኛዱዎፕ ስትጠይቃት፣ አብራት መጥታ ሽቦውን በባትሪ ተከትላ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የጨርቅ ማስመሪያውን ጠመኔ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ጎን ለጎን አሰመረች፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል ሦስት ደረጃ አደረገችላቸው።

«እያንዳንዱ አምፖል የራሱ መንገድ ሲኖረው ሁሉም ሙሉ ኃይል ያገኛል» አለቻት። «አንዱ ቢቃጠል ሌላው አይነካም። የእናንተዎቹ ግን አንድ መንገድ ላይ ተሰልፈው ያችኑ ኃይል ለሦስት ይካፈላሉ። አንዱ ሲቃጠል መንገዱ ለሁሉም ይዘጋል።»

ኛዱዎፕ ዓመት ሙሉ ያጠበበችውን ዓይኗን አሰበች። ማመልከቻዎቹንም አሰበች፤ ሊያስቃት ሲል መልሶ አናደዳት። ሩዋይ ማንም እንዳይነካው ብሎ ነበር።

«ቲቸር፣ እንንካው» አለች።

አርብ ከሥራዋ ፈቃድ ጠየቀችና ሩዋይ ቆጠብኩ ያለውን ሽቦ ሁሉ ገዝታ መጣች። ዋናውን አጥፍተው፣ ደመቀች እያሳየቻት፣ ኛዱዎፕ በገዛ እጇ አሰረችው። አመሻሹ ላይ ክፍሉ ወለል አለ። ልጆቹ ትንኝ ሳያስቸግራቸው ጨለማ ውስጥ ተኙ።

ሩዋይ ቅዳሜ ሲመሽ ገባ። እሷ የመጨረሻውን አንገትጌ እየሰፋች ነበር። አምፖሉን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አላልኩሽም? ማመልከቻዬ ሠራ!»

ቀጥሎም ሰኞ አቦቦ ሄዶ የእናቷን ቤት መብራት ልክ እንደዚህ ቤት አድርጎ እንደሚዘረጋላቸው ነገራት። ኛዱዎፕ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን ልትተወው አስባ ነበር። የእናቷ ዓይን ግን ደክሟል።

ተነስታ የበረንዳውን አጠፋች። ክፍሉ እንደበራ ነው። ሩዋይ አምፖሉን አየ፣ እሷን አየ።

«ማን ነካው?»

«እኔ። የእማዬንም ቤት የምዘረጋው እኔ ነኝ።»

ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ሩዋይ በረንዳው ላይ ቆሞ አበራ፣ አጠፋ፣ እንደገና አበራ። የእሷ መብራት ንቅንቅ አላለም።