አምስተኛው ሳጥን

ባሏ ሠላሳ አራት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዳኛው የተናገረውን፣ ጠበቃው የጮኸውን፣ ተከሳሹ ያጉተመተመውን ሁሉ እየተከታተሉ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ይዘው ይቀመጣሉ። ጠረጴዛውን ያስጠርጋሉ፣ እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፣ ጋዜጣውን አራት አጥፈው ገጹን ብቻ ፊታቸው ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል ቀና አይሉም።

እሷ የሆስፒታል ልብስ ሰፊ ነበረች። አንሶላና የበሽተኛ ጋዋን ስትሰፋ ሃያ ስድስት ዓመት አሳልፋለች። ሲያገቧት ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ በዚያው ቀረ። እሳቸው በአሥር ዓመት ይበልጧታል። አርባ ዓመት አብራቸው ኖራ፣ ልጅ ወልዳላቸው፣ ዛሬም "አንቱ" እንዳለቻቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን፣ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ቅዳሜ ወጣ ብለን እንምጣ ብላቸው ነበር። "ሥራ ይዣለሁ" አሏት፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ። ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት ዓይናቸው ከዳቸው። የዓይን ግፊት ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከዳር ከዳር ጀምሮ እየጨለመ መጣና አንድ ክረምት ላይ ጨርሶ ተዘጋ። ሌላ ከተማ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው መጥታ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ይዛቸው ዞረች። ሁሉም ያሏት አንድ ነው፤ ዘግይታችኋል።

ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ባሏ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። ጋዜጣው ከፊታቸው ነበር። በመዳፋቸው ሲዳብሱት፣ ሲያስተካክሉት፣ እንደገና ሲዳብሱት ቆዩና፣

"አንቺ" አሉ። "እስቲ ወደ ጎን አንድን አንብቢልኝ።"

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቅዳሜ ቀን ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ፍንጩን ታነብላቸዋለች፣ ሳጥኖቹን ትቆጥራለች፣ ከሌላ ቃል የተገኘ ፊደል ካለ ስንተኛው ሳጥን ላይ እንደሆነ ትናገራለች። እሳቸው ሰሌዳውን በሙሉ በጭንቅላታቸው ይዘውታል። እሷ ስትንተባተብ በጣታቸው ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። ፊደል ስትስት ደግሞ አይምሯትም።

"ንጉሡ ሠ ነው የምልሽ! አንቺ እሳቱን ሰ ጻፍሽ አይደል?"

"እንዴት አወቁ?"

"እርሳሱ ሲሄድ ይሰማኛላ። ምን አስተምረውሽ ነው ለመሆኑ?"

ቢሆንም ቅዳሜን መናፈቅ ጀመረች። አንድ ቀን "የልብስ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲሰፋ፣ አምስት ሳጥን" የሚል ፍንጭ መጣ። ባሏ ገና አገጫቸውን ሲያሻሹ፣ "ቅምቅማት" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ስቀመቅም አይደል የኖርኩት።"

"ቆይ፣ አትጻፊው። በሌላው በኩል ይጣራ።"

በሌላው በኩል ተጣራ፤ ልክ ነበር። "እሺ፣ ቀጥዪ" ብቻ አሉ። እሷ ግን ያን ቀን ሙሉ እቃ ስታጥብም ልብስ ስታሰጣም "ቅምቅማት" ትላለች ለብቻዋ፣ ፈገግ እያለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ወር ሄደ። አንድ ሐሙስ ቀን የድሮ የሥራ ባልደረባቸው፣ ጠበቃው፣ ሊጠይቃቸው መጣ። ስለ ድሮ ዳኞች ሲያወሩ፣ ሲስቁ ቆዩ። እሷ ሻይ በትሪ ይዛ ስትገባ ጠበቃው፣ "ያ የቅዳሜ ሱስህስ? አሁን ማን ያነብልሃል?" ሲል ሰማች። ልቧ ትንሽ ሞቅ አላት። እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።

"እሷ ናት" አሉ ባሏ። "ማንበብ እንኳ አይባልም። ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ፊደል ትለቅማለች። እኔ ከራሴ እሞላለሁ፣ እሷ እርሳሱን ትይዛለች።"

"እርሳስ መያዣ አገባሁ በለኛ!" አለ ጠበቃው። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

ሻዩን አስቀመጠች። ጠብታ አልፈሰሰም። ጠበቃው ቀና ሲል አያትና ደንግጦ፣ "እትዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ" አላት። "ምን አጠፋህ" አለችው። ጓዳ ገብታ ስኳር መያዣውን ክዳኑን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ሆዷ ውስጥ የገባው ነገር አርብም አልወጣ አለ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ሰባት ስምንት ቃል ያለ ችግር ሞሉ። ከዚያ ወደ ታች አሥራ አንድ ላይ ደረሱ።

"ያየውንና የሰማውን ችሎት ቀርቦ የሚናገር" ብላ አነበበች።

ባሏ ፈገግ አሉ። "ይቺማ ለልጅ ናት። ሳጥኑ ስንት ነው?"

ሳጥኑ አራት ነበር። ተዘጋጅታበት አልነበረም፤ ከየት እንደመጣም አታውቅም፤ ብቻ "አምስት" አለች።

"አምስት? ምስክር አራት ነው። ደግመሽ ቁጠሪ።"

የእርሳሱን ጭራ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች። አራተኛው ላይ ሳጥኑ አለቀ። ከታች ያለው ፊደል የማይጻፍበት ጥቁሩ ሳጥን ነው። ጥቁሩንም ጠቅ አደረገችው።

"አምስት" አሉ ባሏ ቀስ ብለው። "መስካሪ... አይ፣ አራት። እማኝ ሦስት። ቆይ፣ ቆይ... ተመልካች! ተ፣ መ፣ ል፣ ካ፣ ች። አምስት! ጻፊ!"

ፊታቸው በራ። ያን ብርሃን ስታይ "ዶሮ" የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸችባት።

"ሦስተኛው ላይ 'ቦ' አለ" አለች።

"ቦ?"

"ቦ።"

ሦስተኛው ሳጥን ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ረዘመ። ምሳ አልበሉም። "ተዉትና ሌላውን እንቀጥል" ብትላቸው እጃቸውን አወናጨፉባት። ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ፊደል እየጻፉ ያጠፋሉ። አሥር ሰዓት ገደማ ጣታቸው ቆመ። አንገታቸውን ደፉ።

"ሠላሳ አራት ዓመት የጻፍኩት ቃል ነው እኮ" አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። "በየቀኑ የጻፍኩት።"

ከማያየው ዓይናቸው እንባ ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። አብረው ሲኖሩ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ እናታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"ጋዜጣው ተሳስቶ ይሆናል" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጨዋታው መልስ ይወጣል። ባሏ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሲጠብቁ ሰነበቱ። ጋዜጣውን ይዛ ከመግባቷ፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "የአሥራ አንድን አንብቢ" አሏት።

"ምስክር ይላል።"

"ሳጥኑስ?"

"አራት።"

"አምስት ነበር ያልሽኝ።"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቆጠራ ሳትኩ ብትል ያበቃል። እሳቸው ይስቃሉ፣ "ዶሮ!" ይላሉ፣ ጠበቃው ሲመጣም ያወሩለታል። ሻይ ይዛ ስትገባ ሁለቱም ሲስቁባት ታያት።

"አራት ነው ያልኩዎት" አለች።

"አምስት ጊዜ ስትነኪ ሰምቻለሁ።"

"አራት ጊዜ ነው የነካሁት።"

"ቦ የሚባል ፊደል አላልሽኝም?"

"እኔ? አላልኩም።"

ባሏ አልተቆጡም። ቢጮኹባት፣ ቢሰድቧት በወደደች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ፈልገው በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እንግዲያው ሄዷል" አሉ።

"ምኑ?"

ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። "ይሄ። ዓይኔ ሲሄድ ይሄ ይቀረኛል ብዬ ነበር።" ቀጥለውም፣ "ከዛሬ ወዲያ ጋዜጣ አትግዢ" አሏት።

እሷ ይረሱታል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸውን ማመን ተዉ። ጠዋት የወሰዱትን መድኃኒት "ወስጃለሁ እንዴ?" ይላሉ። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ማንም ሳይነካቸው ይሄዱ የነበሩ ሰው መሃል ላይ ቆመው "የት ነኝ?" ብለው ይጣራሉ። ልጃቸው ስትደውል የጀመሩትን ወሬ ያቋርጡና፣ "ይሄን ነግሬሻለሁ መሰለኝ፣ እናትሽን ጠይቂ" ብለው ስልኩን ያቀብላሉ። አልነገሯትም ነበር። ጭንቅላታቸው እንደ ድሮው ነበር፤ እሷ ታውቃለች። ከዓለም ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

በአሥረኛው ቀን አልቻለችም። ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ሳይከፍቱ ሬዲዮው ላይ እጃቸውን ጭነው ነበር። ከጎናቸው ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ዋሽቼዎታለሁ።"

"ምን?"

"ሳጥኑን። አምስት ነው ያልኩዎት። አምስት ጊዜ ነው የነካሁት፣ አምስተኛው ጥቁሩ ነው። ቦ የሚባል ፊደልም አልነበረም። እርስዎ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ።"

ይመቱኛል ብላ ጠበቀች፤ መትተዋት አያውቁም፣ ዛሬ ግን ቢመቷት አትፈርድባቸውም። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን፣ ከዚያ እጇን ፈልገው አገኙ።

"ይሄን ስንት ቀን አሰብሽበት?" አሉ።

"ምኑን?"

"ይሄን። እኔን ለማጽናናት።"

"ማጽናናት አይደለም! እውነቴን ነው፣ ልጄ ትሙት!"

"በልጅሽ አትማዪ።" እጇን መታ መታ አደረጉ። "ችሎት ላይ ስንቱን ዋሾ ሰምቻለሁ። ራሱን ለማዳን ነው የሚዋሸው። አንቺ ራስሽን ልትወነጅዪ ትዋሻለሽ። አላውቅሽም ነበር። አርባ ዓመት አብሬሽ ኖሬ አላውቅሽም ነበር።"

አለቀሰች። ማልቀሷን ደግሞ ለእሳቸው አዝና መሰላቸው።

ልጃቸው በወሩ መጨረሻ መጣች። እናቷ ያንን ጋዜጣ ከትራስ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። "ለአባትሽ ቁጠሪላቸው" አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት፣ አባቷ ፊት ቆጠረች።

"አራት ነው፣ አባዬ።"

"አዎ" አሉ ባሏ በእርጋታ። "አራት ነው። ያኔም አራት ብላኛለች፣ እኔ ነኝ አምስት የሰማሁት።"

ጓዳ ውስጥ ልጅቷ በሩን ገፋ አድርጋ፣ "እማዬ፣ እውነትሽን ነው?" አለቻት።

"እውነቴን ነው።"

"ለምን?"

ዶሮ ስላሉኝ ልትል ፈለገች። ከአፏ ሳይወጣ ቃሉ አነሰባት፤ የሕፃን ጠብ መሰላት። አርባ ዓመቱን ልትነግራት ፈለገች፤ እሱ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። ለልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበውን ኩባያ እንደገና ማጠብ ያዘች። በማግስቱ ልጅቷ አባቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ጠይቆ፣ አስቆጥሮ፣ አስደግሞ፣ "ለዕድሜያቸው ጭንቅላታቸው ደህና ነው" አለ። ባሏ አመስግነው ወጡ። መኪና ውስጥ፣ "እሱንም ነግራችሁታል" አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። ምግብ ሲቀርብላቸው "እጅሽ ይባረክ" ይላሉ። በር ላይ ጎረቤት ሲያገኙ "ይቺ ሴት ባትኖር እኔ የለሁም" ይላሉ። ጎረቤቶቹም "እንዴት ያለ ደግ ሰው ወጣቸው! ታድለሽ" ይሏታል። "አዎ" ትላለች፣ የምታሰጣውን ልብስ ወደ ፊቷ ከፍ አድርጋ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሏ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠሯት።

"እዚያ ሆስፒታል" አሉ፣ "ስትሰፊ ስንት ሆናችሁ ነበር የምትሠሩት?"

ቆማ ቀረች። አርባ ዓመት ጠይቀዋት አያውቁም።

"አምስት... ስድስት ነበርን።"

"እስቲ ንገሪኝ። ክፍሉ እንዴት ያለ ነበር? መስኮት ነበረው?"

ነበረው፤ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚያይ። ስለሱ ነገረቻቸው። ስለ መኪኖቹ ጩኸት፣ ስለ አለቃቸው፣ መጀመሪያ ጊዜ ለሞተ ሕፃን መገነዣ ጨርቅ የሰፋችበትን ቀን ነገረቻቸው። ባሏ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው አንዲት ቃል ሳያቋርጧት ሰሙ። "ከዚያስ?" ይላሉ ዝም ስትል። "አይዞሽ፣ ከዚያስ?"

ሙሽራ ሆና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የጠበቀችው ይሄንን ነበር።

"ድስቱ እንዳያርብኝ" ብላ ተነሳች።

ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ባሏ ከወዲያ፣ "ቀስ ብለሽ፣ እኔ እጠብቃለሁ" ሲሏት ሰማች።