የሉሺየስ አፈር

በእኛ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ገጠር ጥቁር ከሆንክ፣ ፒክአፕ መኪና ከኋላህ ሲከተልህ መሪህን አጥብቀህ ትይዛለህ እንጂ ዞረህ አታይም። ያን ቀን ጠዋት አንዱ ሲከተለን ግን አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ ክሌተስ ደጋግሞ ዞረ። ኪሱ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ አውቃለሁ። አክስቴ ኦዜላ ከኋላ ወንበር አፈ ሰፊ ጠርሙስ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጠርሙሱ ላይ የታላቅ ወንድማቸው ስም ተጽፏል፤ ሉሺየስ ብራክስተን።

አክስቴ ልጅ ሳሉ ሉሺየስን ነጮች ተሰብስበው ዛፍ ላይ ሰቀሉት። አስከሬኑን ወንዝ ጣሉት ተባለ። አሁን እንዲህ የተገደሉ ሰዎች ከሞቱበት ቦታ አፈር እየተወሰደ ስማቸው በተጻፈበት ጠርሙስ ይቀመጣል። ለአክስቴ የወንድማቸው መቃብር ይኸው ነው፤ ሌላ አያገኙም። ሐኪማቸውም ክረምቱን የሚያልፉ አይመስለኝም ብሏል።

ድልድዩ አጠገብ ካለው ዛፍ ስር ቆምን። በየዓመቱ አበባ የምናስቀምጠው እዚያ ነው። አክስቴ ተንበርክከው ትንሿን አካፋ እንዳነሡ ፒክአፑ መጥቶ ቆመና አንድ ነጭ ሽማግሌ ወረደ። ሃርላን ፕሩዊት ነው፤ እዚያ ያለውን ጫካ ከአባቱ የወረሰው።

"ከመሬቴ ውጡ ልትለን ነው?" አለ ክሌተስ። ድምፁ ደስ አላለኝም።

"አይደለም።" ሃርላን ኮፍያውን አወለቀ። "ወይዘሮ ኦዜላ፣ እዚህ አይደለም። ዛፉ ሌላ ነው።"

ከፕሩዊት ቤት ሰው አክስቴን ወይዘሮ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ይኼ ይባስ አስፈራኝ። ደግሞ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከእኛ ወገን ማን አየ? ያን ምሽት የእኛ ሰዎች በራቸውን ቆልፈው መብራት አጥፍተው ወለል ላይ ተኝተው ነበር። ዛፉን የመረጥነው በግምት ነው።

"ተከተሉኝ" ብሎ ወደ ጫካው ገባ።

"እማማ፣ አንሄድም" አለ ክሌተስ። "አባቱ ሉሺየስንም ና ብሎ ነው የወሰደው።"

"እኔ ምን ቀረኝና ነው የምፈራው?" አሉና ክንዴን ያዙ።

ጥዱ ብርሃን ከለከለን። ወፍ እንኳ አይሰማም። የክሌተስ እጅ ከኪሱ አልወጣም። ሃርላን አንድ ትልቅ ጉቶ ጋ ሲደርስ ቆመ። "ዛፉ ይኼ ነበር" አለ።

"አንተ በምን አወቅህ?" አሉት አክስቴ።

"ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ልጁም ይይ ብሎ አባቴ ይዞኝ መጣ። ገመዱን ከመኪናችን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ሂድ አምጣ አሉኝ፤ ሮጥኩ።"

ክሌተስ ሽጉጡን አወጣ። እኔም በልቤ ተኩስ አልኩት። ሃርላን ንቅንቅ አላለም።

"አትግደል" አሉ አክስቴ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። "ይቺን ቃል እሁድ እሁድ እየሰሙ ነው እነሱ ሉሺየስን የሰቀሉት። አንተም ሰምተሃታል።"

"እኛና እነሱ አንድ ነን?"

"እንዳንሆን ነው የምልህ። መልሰው።"

ክሌተስ እያለቀሰ መለሰው። አክስቴ አካፋዋን ለሃርላን ሰጡት።

"ቆፍር።"

ቆፍሮ ጠርሙሱን ሞላ። ሲጨርስ "ይቅር በሉኝ" አለ።

"ለሱ አልመጣሁም። እነማን ነበሩ? ስማቸውን ንገረኝ።"

"ሁሉም ሞተዋል፣ ወይዘሮ ኦዜላ።"

"ሉሺየስም ሞቷል። ተናገር።"

አንገቱን ደፍቶ የአባቱን ስም ጠራ። ቀጥሎ የሸሪፉን። ሦስተኛውን ሲጠራ አክስቴ ጉቶው ላይ ቁጭ አሉ። እናታቸው በደመወዝ ልብሱን ያጥቡለት የነበረ ነጋዴ ነው። ያን ምሽት የለበሰውን ሸሚዝ ሰኞ ጠዋት ሳያውቁ አጥበው የተኮሱለት የሉሺየስ እናት ናቸው።