ለውሃ የተጣለ ዳስ

ከአንኮበር ቁልቁል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው መንደር የምትጠጣው ወንዝ ስሙ ጥርስ ነቃይ ነው። ስሙን ያወጣለት ቅዝቃዜው ነው፤ አንድ ቅል የጠጣ ሰው መንጋጋውን ይዞ ቁጭ ይላል። ከመንደሯ ሴቶች ንጋቷማ የተቦረቦረ የመንጋጋ ጥርስ ስላላት፣ ገና እንስራዋን ስትደፍቅ መነጫነጭ ትጀምራለች።

ታዲያ ንጉሡ ከአንኮበር ለቀው እንጦጦ በወጡ ሰሞን ይሄ ውሃ ታመመ። በፋሲካ ማግስት መቅጃው ድንጋይ ላይ ዝልግልግ ያለ አረንጓዴ ነገር ወጣ፤ ቀን ቀንን ሲወልድ እንደ ሻሽ ተንጠልጥሎ ወረደ። ውሃው ገማ፣ ሕፃናቱንም ሆድ ቁርጠት ያዛቸው። ሰዉ ደግሞ እንደ ልማዱ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የንጋቷ ባል ደምመላሽ ቆዳ ፋቂ ነው፤ ፋቂ ቡዳ ነው ተብሎ ካለቀ ስንት ዘመኑ።

«ውሃውን በዓይኑ በላው» አለች ጎረቤቷ አስካለማርያም፣ መንደሩ በሙሉ እየሰማ።

ጭቃ ሹሙ ወልደሩፋኤል ሰዉን ሰብስበው ፈረዱ። «እስከ ግንቦት ልደታ ውሃው ካልጠራ፣ ደምመላሽ፣ ሚስትህንም ቆዳህንም ይዘህ ካገሬ ትወጣለህ።»

ደምመላሽ አንገቱን ደፋ። ንጋቷ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

«ጌታው፣ እኛ ቆዳ የምንዘፈዝፈው ከመቅጃው በታች ነው። ውሃ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?»

«የቡዳ ዓይን ይሄዳል» አሏት።

በነጋታው እንደተናደደች ወደ መቅጃው ወረደች። አፏ እሬት እሬት ብሏት ስለነበር፣ ያንኑ የገማ ውሃ በእፍኟ ዘግና ተጉመጠመጠችና ተፋችው። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጉንጯ ሄደ። ጥርሷ ግን ዝም። ደግማ ተጉመጠመጠች። አሁንም ዝም።

ቀጥ ብላ ሽቅብ ወደ ምንጩ ወጣች። እዚያ ስትጉመጠመጥ ጥርሷ ጠዘጠዛት፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እሷ ግን ትስቃለች። ከዚያ እየተጉመጠመጠች ቁልቁል መጣች። ወይራና ዝግባው ባጠላበት ሁሉ ጥርሷ ይጮሃል፣ ድንጋዩም ንጹሕ ነው። ዛፉ ተመንጥሮ ፀሐይ ውሃው ላይ ከተዘረጋችበት ስትደርስ ጥርሷ ለዘብ አለ፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ሆነ። ዛፉን ማን ቆረጠው? ጭቃ ሹሙ ናቸው፤ ለአዲሱ አዳራሻቸው።

ቤቷ ስትገባ ለባሏ ነገረችው። «ስማኝማ። ሊጥ እዚህ ደጋ ስናቦካ ተኝቶ ይከርማል። ለገበያ አልዩ አምባ ቆላ ወርደን ስናቦካስ? ማታ ያቦካነው ሳይነጋ ኩፍ ይላል። እርሾው ያው እርሾ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ሙቀቱ ነው። ውሃውም ውስጥ ለዓይን የማይታይ እርሾ ቢጤ አለ ማለት ነው። ፀሐይ አሞቀችው፣ ተነሣ።»

«እንግዲያ ፀሐይን ክሰሻታ» አለ ደምመላሽ።

«አልከሳትም። ዳስ እጥልባታለሁ።»

እውነትም ጣለች። ሁለቱ ሆነው፣ ዛፉ ከተመነጠረበት እስከ መቅጃው ድረስ፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ ካስማ ተከሉ፣ አግዳሚ አሰሩ፣ ከላይ ቅጠልና ሣር ከመሩ። ቅጠሉ ሲያልቅ ደምመላሽ ለገበያ ያለፋውን ቁርበት በሙሉ አውጥቶ ዘረጋው። ድንጋዩንም በገለባ ፈተጉት። መቅጃው ጎን ያለችውን ትንሽ ጉድጓድ ግን ንጋቷ ፈትጋ ስታበቃ፣ «ይቺን ፀሐይ ይምታት፣ አትሸፍናት» አለችው።

መንደሩ መሳቂያ አገኘ። ዳስ የሚጣለው ለሠርግ፣ ካልሆነም ለለቅሶ ነው።

«ንጋቷዬ፣ ሙሽራው ማነው? ውሃዋን ለማን ልትድሪያት ነው?» አለች አስካለማርያም።

«ለጥርስሽ» አለቻት ንጋቷ።

የግንቦት ልደታ ለት ሰዉ እንደ ወጉ ንፍሮውን ይዞ ወንዙ ዳር ወጣ። ጭቃ ሹሙም ዘንጋቸውን ይዘው፣ ሊያባርሩ ቆርጠው መጡ። ዳሱ ሥር ጎንበስ ሲሉ ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ አንድ ባንድ ይታያል።

«ቡዳው ፈርቶ ዓይኑን አነሣ» አሉ።

«እንዲያ ከሆነ እዚህችኛዋ ላይ ለምን ሳያነሣ ቀረ?» ንጋቷ ፀሐይ ወዳረፈባት ጉድጓድ ጠቆመቻቸው። አረንጓዴው ተመልሶ ድፍን አድርጓታል። «አንድ ውሃ፣ አንድ ድንጋይ፤ እኩል ነው የፈተግናቸው። የጎደላት ጥላ ብቻ ነው። ካላመኑኝ ደግሞ ጥርስዎ ይፍረድ።» ከዳሱ ሥር ቅል ሙሉ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ጭቃ ሹሙ ጠጡ። ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ። ጉንጫቸውን ይዘው እጥፍ እንዳሉ፣ «ኧረ... ራሱ ነው። ጥርስ ነቃይ ራሱ» አሉ።

ሰዉ ሳቁን ለቀቀው። ጭቃ ሹሙ ቀና ብለው መጀመሪያ ያዩት ደምመላሽን ነው። «አንተ ካገሬ አትወጣም። በሐሰት ነው የፈረድኩብህ። ከእንግዲህ ከዚህ ወንዝ ዳር ዛፍ የቆረጠ ግን ወዮለት።»

«እስከ ዛሬ የቆረጠውስ ጌታው?» አለች አስካለማርያም፣ ንፍሮዋን እያላመጠች።

«እሱማ» አሉ ጭቃ ሹሙ ጉንጫቸውን እያሹ፣ «ክረምት ሲገባ በገዛ እጁ ወይራ ይተክላል።»

ያን ለት ዳሱም ዘፈን አላጣም። ሴቶቹ ከበሮ አስመጥተው የሠርግ ዘፈን አወጡ፣ ደምመላሽንም ከራሱ ቁርበት ሥር እንደ ሙሽራ አስቀመጡት። አስካለማርያም ንፍሮ በእፍኟ ይዛ ሄዳ እጁ ላይ ዘረገፈችለት፤ እሱም በላላት። ንጋቷ አንድ ቅል ቀድታ ጨለጠች። ጥርሷ ጠዘጠዛት፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«አመመሽ?» አላት ባሏ።

«እንዴት አባቱ» አለችና ቅሉን ደግማ ደፈቀችው።