የኤልደን ስንዴ

ደመናው ከምዕራብ ሲነሳ ባሌ ኤልደን ከሚያጭደው የስንዴ ማሳ የቀረው አንድ ዙር ነበር። አንድ ዙር ብቻ! የካንሳስ ገበሬ ደግሞ አንድ ዙር ከቀረው ሰማይ ቢደረመስም ከኮምባይነሩ አይወርድም። አምና ባሌ ደመና ፈርቶ አጨዳውን አቋርጦ ገባና ዝናቡ ጠብ ሳይል ቀረ። ጎረቤታችን ሮይስ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሲያሾፍበት ከረመ።

እኔ ማሳው ዳር ጭነት መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ ሥራዬ መንዳት ብቻ ነው። ሰማዩ አረንጓዴ ሲሆን የመገናኛ ሬዲዮውን አነሳሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ በቃህ! በረዶ አዝሏል እኮ።"

"ዘንድሮም ሮይስ መሳቂያ ያድርገኝ?"

"ሮይስ ይሄኔ አልጋ ሥር ገብቷል!"

ከት ብሎ ሳቀ። ምናለ እዚያ ላይ ዝም ባልኩ! እሱም እኔም ብረት ውስጥ ነን፤ መስኮታችን ዝግ ነው፤ መብረቅ ምንም አያደርገንም ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ የተጫነውን ስንዴ አየሁ።

"ኤልደን፣ የጭነቱ ሸራ ክፍት ነው! ስንዴው ሊበሰብስ ነው።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ኮምባይነሩን አቁሞ ወረደ። በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ "አንቺ እንዳትወርጂ" አለኝ በእጁ። መሰላሉን ወጥቶ ሸራውን ሊጎትት ሲል ብልጭታውና ድምፁ እኩል መጡ። ከዚያ በኋላ ስሙን እየጮህኩ ስጠራ እንጂ ሌላ አላስታውስም። በረዶው በሰሜን በኩል አልፎን ሄደ።

በቀብሩ ማግስት ጎረቤቶቻችን ዘጠኝ ኮምባይነር ነድተው መጡ። እኛ አገር በአጨዳ ሰው ሲሞት እህሉ ሜዳ ላይ አይቀርም። የቀረንን ማሳ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ሮይስ ዓይኔን ማየት አቅቶት አጠገቤ ቆመ።

"በኔ ቀልድ ነው የሞተው፣ ቬልዳ።"

"ዝም በል! የኔን ኃጢአት አትውሰድብኝ።"

ያን መኪና እንደተጫነ እህል ወደምናስረክብበት ጎተራ ራሴ ነዳሁት። መዛኙ ከስንዴው ዘግኖ እርጥበቱን ለካ።

"ክው ያለ ደረቅ ነው፣ እትዬ ቬልዳ።"

አራት ቀን ሙሉ ክፍት ቆሞ አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም። ምን ሆኜ ነው ሰውዬዬን ያስወረድኩት?