ከዋናው ጠረጴዛ የተሠሩ ቁልፎች

የዋና ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ጥቁር እንጨት ነው ይባል ነበር። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ይለው ነበር። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ከመነገሩ በፊት የጠረጴዛው ዝና ይነገረዋል፦ አንድ ወጥ እንደሆነ፣ እሳት እንደማይበላው፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ዛሬ እንደማይበቅል። ዋናው ራሳቸው ንግግር ሲጀምሩ በመዳፋቸው ይመቱታል። ድምፁ ከትልቅ እንጨት የሚጠበቅ ድምፅ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያ ክፍል ስለ ድምፅ አስተያየት መስጠት አልተለመደም።

ምክትሉ በዚያ ጠረጴዛ ፊት ዕድሜውን ቆሟል። ወንበር አልነበረም ማለት አይደለም። ወንበር ነበር፤ “ተቀመጥ” የሚለው ቃል ነው ያልነበረው። እሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ምንጣፉ ሳስቶ ክሩ ይታያል። ዋናው ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄዶ በኪቦርድ ይመታዋል፤ በዐሥሩም ጣቶቹ፣ ቁልፎቹን ሳያይ። ዋናው ኪቦርድ ነክተው አያውቁም። “ጣት ለፊርማ ነው” ይላሉ።

በመጨረሻ ዋናው ጡረታ ሊወጡ ነው ተባለ፤ ተተኪው ማን እንደሆነም የማይገምት አልነበረም።

የምክትሉ ሚስት ወሬውን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ የሳሎኗን መጋረጃ ናቀች። “ይሄ የምክትል መጋረጃ ነው” እያለች በሁለት ጣት ታነሣዋለች። ምክትሉ በበኩሉ የሚንቀው ጠረጴዛውን ነበር። ክፍሉን ይፈልገዋል፤ ወንበሩን በሕልሙ ሳይቀር ይቀመጥበታል፤ ያን ጠረጴዛ ግን በተቃራኒው በኩል ሆኖ እንኳ ሊያየው አልፈለገም። ለዘመናት ከፊቱ የቆመ ሰው ከኋላው ቢቀመጥም እግሩ መቆሙን አይረሳም።

ስለዚህ የሽኝት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ሰብሳቢነቱን ማንም ሳይሰጠው በትሕትና ተቀበለ። በመጀመሪያው ስብሰባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሐሳቡን አቀረበ። ይህ ጠረጴዛ ለተተኪ ሊተው አይገባም፤ የትኛው ተተኪ ይመጥነዋል? ይቆረጥ። ከእንጨቱም የኪቦርድ ቁልፎች ይሠሩለት። ዋናው የዘመናት ድካማቸውን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ይሂዱ።

“እሳቸው እኮ አይተይቡም” አለች የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ።

“ስጦታ ነው የሰጠናቸው እንጂ ሥራ መች ሰጠናቸው?”

ኮሚቴው አጨበጨበ። ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ነበረች።

የምክትሉ ሚስት ወንድም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ፣ ሲኤንሲ ማሽን፣ ነበረው። ቤተሰቡ “ሚሊሜትር” ይለዋል፤ ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ከኪሱ ተለይቶት አያውቅምና። በእህቱ ሰርግ ቀን የሙሽራውን ቀለበት ተቀብሎ ለካና “ሞላላ ነው” አለ። ሙሽራው፣ ማለትም ምክትሉ፣ እስከ ዛሬ አልረሳለትም።

ማሽኑ ከማቀዝቀዣ አይበልጥም። ኮምፒውተሩ የሳለውን እየተከተለች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች የምትሽከረከር ቀጭን መቁረጫ አለችው። አትቸኩልም፤ አትደክምም፤ የተሳሳተ ነገር ከነገሯትም ስሕተቱን ሳትሳሳት ትቆርጠዋለች። ከዚህ አንጻር ለመሥሪያ ቤት ሥራ የተፈጠረች ነበረች።

“ጋሼ፣ ቁልፍ ሲያዩት ቀላል ነው” አለ ሚሊሜትር፣ አንድ የፕላስቲክ ቁልፍ ነቅሎ ገልብጦ እያሳየው። “የላዩ ለዓይን ነው። ሥራው ከሥር ነው። ይቺን የመስቀል ቀዳዳ ታያታለህ? ከሰፋች ቁልፉ ይወልቃል፤ ከጠበበች እንጨቱ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሆዱን ቆርጬ፣ ከዚያ ገልብጬ ጀርባውን የምቆርጠው። ለመሆኑ ጠረጴዛው ሙሉ እንጨት ነው?”

“የማንን ጠረጴዛ እንደምትጠይቅ ታውቃለህ?”

“የፈለገው ሰው ይሁን። ከሥሩ አይተኸዋል?”

“ምን ሆንኩ ብዬ ነው ዋናው ጠረጴዛ ሥር የምገባው? ድመት ነኝ?”

እውነቱን ነበር። በዚያ ክፍል ያላጎነበሰ አልነበረም፤ ያጎነበሰ ሁሉ ግን ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ ስለነበር ከጠረጴዛው ሥር ያየ አልተገኘም።

ዋናው ለመጨረሻ የመስክ ጉብኝት በወጡ ጊዜ ጠረጴዛው ወጣ። ተሸካሚዎቹ ከባድ ነው ስለተባሉ ገና ሳይነኩት አቃሰቱ። ወርክሾፑ ውስጥ ሚሊሜትር መጋዙን ከጫፉ አስገባ። ለአንድ አፍታ የወጣው ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ፈዛዛ ፍርፋሪ ይዘንብ ጀመር። መጋዙን አቆመና ካሊፐሩን አውጥቶ ለካ።

“ጋሼ፣ ጥቁሩ የወረቀት ያህል ነው። ውስጡ ቺፑድ ነው።”

“ጥቁር ቺፑድ?”

“ሰጋቱራ በኮላ። እኔ ማታ ማታ ከወለል ጠርጌ የምደፋው።”

ምክትሉ ፍርፋሪውን በእጁ ዘግኖ አየው። “ምናልባት በእኛ በኩል ብቻ ይሆናል። በዋናው በኩል ሞክረው።”

በዋናው በኩል ተሞከረ። በዋናው በኩልም ሰጋቱራ ነበር።

ምክትሉ ስለለመነ አንድ ቁልፍ በማሽኑ ሞከሩ። መቁረጫዋ የመስቀሉን ቀዳዳ ስትጀምር ቁልፉ ሻይ እንደነካው ብስኩት ፈረሰ።

“ለማንም እንዳትናገር” አለ ምክትሉ።

“ለእኅቴም?”

“ለእኅትህ በተለይ።”

ጠረጴዛው ተቆርጧል፤ የሽኝቱ ጥሪ ተበትኗል፤ ከዋናው ጠረጴዛ የተሠሩ ቁልፎች እንደሚሰጡም በጥሪው ላይ በደማቅ ተጽፏል። አሁን የሚፈለገው እንጨት ብቻ ነበር፤ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ እንጨት መሆኑ በቅቶ። ሚሊሜትር ግን የገበያ እንጨት እርጥብ ነው አለ። ዛሬ ልክ የሆነች ቀዳዳ ነገ እንጨቱ ሲደርቅ ትሰነጠቃለች፤ ስለዚህ ሲደርቅ የኖረ፣ መጣመሙን የጨረሰ እንጨት ይምጣለት።

ምክትሉ መሥሪያ ቤቱን ዞረ። መደርደሪያውን አንኳኳ፤ በሩን አንኳኳ፤ ከስብሰባው ጠረጴዛ ሥር በጉልበቱ ገብቶ ወጣ። ሠራተኞቹ ሹመት ሲቃረብ ሰው እንዲህ ይሆናል ብለው አዘኑለት። ሁሉም ቺፑድ ነበር። ከላይ እስከ ታች መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቆዳ የለበሰ ሰጋቱራ ነበር።

እንጨቱን ያገኘው በር ላይ ነው። ዘበኛው የሚቀመጡባት አግዳሚ ወይራ ነበረች፤ አባታቸው የጠረቧት፣ እሳቸው ከቤታቸው ተሸክመው ያመጧት፣ በመቀመጥ ብዛት እንደ ወንዝ ድንጋይ የለሰለሰች።

“አባባ፣ ይቺ አግዳሚ አርጅታለች። አዲስ የፕላስቲክ ወንበር እናመጣልዎታለን።”

“እኔም አርጅቻለሁ ጌታዬ። እኔንስ በፕላስቲክ ይቀይሩኛል?”

“ለመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ነው።”

“ይሄን ሁሉ ወንበር ይዞ መቀመጫ ከእኔ?” ዘበኛው ተነሡ፤ አግዳሚዋን በመዳፋቸው አበስ አደረጓት። “ይውሰዷት እንግዲህ። አደራዎን፣ ደህና ሰው ይቀመጥባት።”

“ማንም አይቀመጥባትም” አለ ምክትሉ። በዚያ ሰሞን ከአፉ የወጣው እውነት ይኸው ብቻ ነበር።

ሚሊሜትር ወይራውን ወደ ስስ ጣውላ ሰነጠቀው፤ ጣውላውን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከማሽኑ ገበታ ጋር አጣበቀው። መቁረጫዋ ስትገባ የወጣው ፍርፋሪ አልነበረም፤ የተጠቀለለ፣ ዘይት ዘይት የሚሸት ቅርፍት ነበር። መጀመሪያ ሆዶቹ ተፈለፈሉ፣ የመስቀል ቀዳዳዎቹም ወጡ። ጣውላው ተገለበጠ። ጀርባዎቹ ተቆረጡ፤ እያንዳንዳቸው ለጣት ጫፍ ጎድጎድ ያሉ። የማር ቀለም ነበራቸው፤ የእንጨቱ ጥቁር ሥርም ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው እንደ ወንዝ ይሻገራል። ሚሊሜትር አንዱን ከኪቦርዱ ላይ ጫን ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይለካ ፈገግ አለ።

“ፊደሎቹን ልቅረጽባቸው?”

“ተው፣ ፊደል ያበላሸዋል።”

“ታዲያ ማን ይጽፍበታል?”

“ማንም። እሳቸው ጭራሽ አይነኩትም፤ ቤታቸው ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል።”

የሽኝቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ምክትሉ ንግግሩን አሳምሯል። “ጠረጴዛዎን ጥቁር ነው ስንል ኖርን፤ ስንቆርጠው ግን ውስጡ ወርቅ ሆኖ አገኘነው። ልክ እንደ ራስዎ!” ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ ይህችም የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ነበረች። ከመስክ በቀጥታ የመጡት ዋናው ኪቦርዱን ተቀበሉ፤ በጉልበታቸው ላይ አኑረው ዳሰሱት፤ ከዚያ ለምስጋና ተነሡ።

“ልጆቼ” አሉ። “ዛሬ ጠዋት ከላይ ተደውሎልኝ ነበር። ‘ያለ አንተ አይሆንም’ ተባልኩ። እንቢ ብል አልሰሙኝም። የጡረታዬ ጊዜ ተራዝሟል።”

ጭብጨባው ጣራውን አነቃነቀው። ማንም ከማንም ቀድሞ ማቆም ስላልፈለገ ቆየ። ከሁሉ አስቀድሞ የጀመረውም ከሁሉ በኋላ ያቆመውም ምክትሉ ነበር፤ ፊቱ ግን ያ ሻይ የነካው ብስኩት ሆኗል።

“እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሁላችሁም ከጠረጴዛዬ...” ዋናው ቃላቸውን አልጨረሱትም። እጃቸው ላይ ያለውን አዩ። አዳራሹም አየ።

ከዚያ ዋናው በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ ማንም ያላደረገውን አደረጉ። አንድ ቁልፍ ነቅለው ገለበጡና ሥሩን አዩት።

“ከእኔ ጠረጴዛ ነው አልክ?”

“አዎ ጌታዬ።”

“ከየትኛው በኩል?”

“ከ... ከእርስዎ በኩል።”

ዋናው ከቁልፉ ቀና ብለው አዩት። ጠረጴዛውን ያስገዙት እሳቸው ነበሩ፤ ጥቁር እንጨት ነው ብለው የተረከቡትም እሳቸው። ምክትሉ ያኔ ገባው። ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ያየ አልነበረም፤ አጎንብሶ ማየት የማያስፈልገው ግን አንድ ሰው ነበር። አሁን ሁለት ሆኑ። ምክትሉ “ቺፑድ” ቢል ዋናው ይጠየቃሉ፣ የእሱም ውሸት ይወጣል፤ ዋናው “ቺፑድ” ቢሉ ራሳቸውን ይከሳሉ። ቃሏ በሁለቱ መካከል እንደ አጥንት ቆመች፤ አንዱም ሊውጣት፣ አንዱም ሊተፋት አልቻለም።

“ግሩም እንጨት ነው” አሉ ዋናው። “እንዲህ ያለ እንጨት እንደነበረኝ አላውቅም ነበር።” አዳራሹ ሳቀ። “ከእንግዲህ ደብዳቤዎቼ ሁሉ በዚህ ነው የሚጻፉት። ፊደል የለውም አይደል? ማን ይችልበታል?”

የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ ሄደ።

“እኔ ነኝ ጌታዬ።”

“አውቃለሁ። ስለዚህ ከዓይኔ አትርቅም።”

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አዲሱን መጋረጃ ሰቅላ፣ ከበርጩማው ላይ ገና አልወረደችም። የሆነውን ሲነግራት ሰማችው። እንዳለች ቆማ ቁልቁል አየችው።

“ወንበሩን ሳትይዝ ጠረጴዛውን ፈለጥከው?”

“ኮሚቴው ነው...”

“እኔ ደግሞ ወንድሜ እንጨት ፈላጭ ሆኖ ቀረ እያልኩ ሰው ፊት ሳፍር ኖርኩ። ፈላጩስ ቤቴ ነው ያለው!” መጋረጃውን መንቀል ጀመረች። “ያዝልኝ እንጂ! ይሄንንስ ትችል የለ?”

ያዘላት።

ሰኞ ጠዋት የምክትሉ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ዋናው ክፍል ገባ። ዋናው በመዳፋቸው መቱት፤ ድምፁ ያው ነበር። የእንግዳው ወንበር ለእንግዳ ነውና፣ ለዘበኛው የተገዛው የፕላስቲክ ወንበር ከነላስቲኩ መጣ፤ ምንጣፉ የሳሳበት ቦታ ላይም ተደረገ።

“ተቀመጥ” አሉት ዋናው።

ስንት ዘመን የጠበቃት ቃል ነበረች። ተቀመጠ። ኪቦርዱን በጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ዋናው ሲናገሩ ዐሥሩ ጣቶቹ ወይራው ላይ ይሮጡ ጀመር። ቁልፎቹ ለስላሳ ነበሩ፤ ልክ ነበሩ፤ አንዱም አልወለቀ፣ አንዱም አልተሰነጠቀ። ሚሊሜትር ሥራውን ያውቃል።

ዘበኛው በር ላይ እንደቆሙ ናቸው። ምክትሉ ጠዋት ሲገባ በሩን ከፍተውለት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁታል።

“አግዳሚዬ እንዴት አደረች ጌታዬ?”

“ደህና ናት አባባ።”

“ደህና ሰው ተቀመጠባት?”

ምክትሉ እጆቹን ወደ ኪሱ ይከታቸዋል። “ጣት ብቻ ነው።”

“ይሁን” ይላሉ ዘበኛው፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ። “የደከመው ይረፍባት።”