የማትታጠፈው ጣት

«ፊት ይኮረጃል፤ እጅ ግን አይኮረጅም» አለ ዐይናማው፣ ለቅሶ ሊደርስ መምጣቱን ረስቶ።

በሙዚየሙ የትኛው ሥዕል የማን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ቅጽል ስሙንም ያወጣው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰውን ሁሉ መምህር፣ ተከታይ፣ አስመሳይ እያለ ይከፍላል፤ እዚህም ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ፣ ማን ተከትሎ፣ ማን አስመስሎ እንደሆነ መመደብ የጀመረ ይመስላል።

«መምህሩ የሳሏት ሴት ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ቀርታለች። ይህን የሚደፍር ተከታይ የለም። ጋሼም ቢሆኑ፣ ነፍሳቸውን ይማርና…» ትከሻውን ሰበቀ።

ጋሼ የሚለው ሟቹን ነው። ዕድሜውን በታላቁ ሠዓሊ፣ በመምህሩ ስቱዲዮ ሸራ ሲወጥርና ቀለም ሲበጠብጥ ኖረ፤ የሙዚየም ሰዎች «ጥላው» ይሉት ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ሊያስተዛዝን ነው ሊያስተምር የመጣው?» አንዲት ጎረቤት አንሾካሾከች።

«ታዲያ የማን ጣት ናት?» አለች የሟቹ ልጅ።

«የማንም። ምናብ ናት፣ የኔ እህት።»

ልጅቷ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሕፃን ሳለች የጓዳው በር የእናቷን ጣት ቀርጥፏታል፤ ቁስሉ ዳነ፣ ጣቷ ግን ዳግመኛ አልታጠፈችም። አባቷ እናቷን መስኮት ሥር አስቀምጦ ሲስል «እሷን እንዳትደብቂብኝ!» ይላት ነበር። ያኔ የመምህሩ እጅ ከፊርማ ያለፈ ነገር መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ቀለሙ ሲደርቅ መጡ፤ ራቅ ብለው አዩት፤ ፈረሙበትና ሄዱ። ሥዕሉ ሙዚየም ከተሰቀለ ወዲህ አባቷ በየጊዜው ትኬት ቆርጦ ይገባ ነበር። «እናትሽን አይቻት ልምጣ» ይላል፣ እናቷ ቤት ተቀምጣ።

እናትየዋ ከዐይናማው ፊት ለፊት ስኒዋን አነሳች። ጣቷ አፍንጫው ሥር ቀጥ ብላ ወጣች። እሱ ስኳር ይፈልግ ነበር።

«ሥዕሉ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝስ?» አለች ልጅቷ።

«በማግስቱ ምድር ቤት ይወርዳላ! ለረዳት ሥራ የሚሆን ግድግዳ የለንም።»

ልጅቷ አፏን ስትከፍት እናቷ ክርኗን ያዘቻት።

«ተይ ልጄ» አለቻት በጆሮዋ። «አንዴ ቀብረነዋል። ደግመሽ ልታስቀብሪው ነው?»

ዐይናማው ሊሰናበት ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ።»

እናትየዋ የሻርፗን ጫፍ በቀኝ እጇ ላይ ጠቀለለችና ግራዋን ሰጠችው።