የኑርሃን የፊት ጥርሶች

ኑርሃን ሰባት ዓመት ሲሞላት የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ የፊት ጥርሶች ብቅ አሉ። ለስላሳ ግን አልነበሩም። ጫፋቸው አጠገብ ጥቃቅን ጉድጓዶች በአንድ መስመር ተደርድረው ቡናማ ሆነዋል። በሚኖሩባት በጀውሃ ከተማ ጎረቤቶች የውሃው ጣጣ ነው አሉ። የክፍል ጓደኞቿ ጥርሷን አታጸዳም አሉ። እናቷ ከዲጃም የልጆቹን ወሬ አመነች። በየጠዋቱ ልጅቱን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ድዷ እስኪደማ ጥርሷን በመፋቂያ ትፈገፍግላት ነበር። ቡናማው አልለቀቀም። ኑርሃን አፏን በሻሿ ሳትሸፍን ማውራት ተወች።

አንድ ቀን ትኩስ ሻይ ጥርሷን ነክቷት አለቀሰች። ከዲጃ የስድስት ወር እርጉዝ ብትሆንም በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ሸዋ ሮቢት ሄዱ።

ሰብለ የምትባል የጥርስ ሐኪም የኑርሃንን አፍ ካየች በኋላ ስለ ሕፃንነቷ ጠየቀች። ከዲጃ አስታወሰች። ኑርሃን በስድስት ወሯ አንቀጥቅጧት ሆስፒታል ተኝታ፣ ደሟ ውስጥ ካልሲየም አንሷል ተብሎ ታክማ ነበር።

«መንስኤው እሱ ይመስለኛል» አለች ሰብለ። «ጥርስ ከመውጣቱ በፊት መንጋጋ ውስጥ ነው የሚሠራው። የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ራሳቸው አድገው ለሥራ የሚደርሱት፣ ሽፋኑንም የሚያጠነክሩት በካልሲየም ነው። ያኔ ሲያንሳቸው ሥራቸው ተበላሸ። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሕዋሳቱ የሉም። ስለዚህ በመፋቅ አይለቅም፣ እትዬ ከዲጃ።»

ከዲጃ ወደ ልጇ ዞራ፣ «በየቀኑ አደማሁሽ። አውፍ በይኝ ልጄ» አለቻት።

ወተት ብታጠጣት ይረዳ እንደሆነ ጠየቀች። ሰብለ ገና መንጋጋ ውስጥ ላሉት የኋላ ጥርሶች ይጠቅማል፣ የወጡት ግን መሞላት አለባቸው አለች። ከዲጃ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «ይሄኛውስ?» አለች።

ሰብለ ፅንሱ ካልሲየም የሚያገኘው ከእናቱ እንደሆነ ነገረቻት፤ ከዲጃም በዚያው ቀን ደሟን ተመረመረች። ካልሲየሟም ቫይታሚን ዲዋም አንሶ ተገኘ። የታዘዘላት ክኒን ያቅለሸልሻት ነበር፤ አንድም ቀን ግን አላቋረጠችም።

ባሏ አብዱልሃዲ የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዳይጎዳት ፈርቶ የኑርሃን ሕክምና ከወሊድ በኋላ ይሁን አለ። ከዲጃ እንቢ አለች። ሆዷ እየገፋ አራት ጊዜ ሸዋ ሮቢት ተመላለሰች። ሰብለም ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ሞላቻቸው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ አልተመሳሰለም፤ ሕመሙ ግን ቀረ። አንድ የክፍሏ ልጅ ደግሞ ሲያሾፍባት ኑርሃን፣ «ሕፃን ሆኜ ካልሲየም አንሶኝ ነው» ብላ ጥርሷን አሳየችው።

ወንድ ልጅ ተወለደ። በስድስተኛው ሳምንት ከዲጃ ጤና ጣቢያ ወስዳው ደሙ ይመርመርልኝ አለች። ነርሷ ሕፃኑ ጤነኛ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ አለቻት። ከዲጃ ስለ ኑርሃን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻትና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልተነሣችም። ከሰዓት በኋላ ደሙ ተወሰደ። ውጤቱ ደህና ነበር። «አልሃምዱሊላህ» አለችና ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ጠየቀች።